ላፕቶፑን ከመጣላችሁ በፊት፦ ስለ ሊኑክስ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎቻችን? ሰሞኑን የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ስለ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ በዝተዋል፣ ምክንያቱም ይገባኛል፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አቁሟል፣ እና ስንቱ ቤት ያለ ደህና ኮምፒውተር ድንገት አሮጌ ተባለ። እኔ ደሞ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ፣ አንዳንዱን ረዘም አንዳንዱን አጠር አድርጌ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ላፕቶፔ ከአስር ዓመት በላይ አገልግሎኛል፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ያለው ዊንዶውስ 10 ነው፣ ወደ 11 ላሳድገው ስል መስፈርቱን አያሟላም ይለኛል። ልጄ "አባባ ሊኑክስ ጫንበት" ይላል፣ ሌሎች ግን እሱ የባለሙያ ነገር ነው አይሆንህም ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ኢሜይል ማየት፣ ደብዳቤ መጻፍና ዜና መስማት ብቻ ነው። ፎቶዎቼም እንዳይጠፉብኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። በመጀመሪያ ደረጃ ላፕቶፕዎ ምንም አልሆነም። መስፈርቱን አያሟላም የሚልዎት ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና ኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ያስገባውን ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ነው፣ የእርስዎ ማሽን ደሞ ከዛ በፊት የተሰራ ነው፣ ነገሩ ይሄው ነው። ኢሜይል ለማየትና ደብዳቤ ለመጻፍ እሱ ሁሉ አያስፈልግዎትም።

ግን ከሁሉ በፊት ፎቶዎቹ። እዚህ ላይ ፍርሃትዎ ልክ ነው፣ እኔም የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ልጽፍ ስቀመጥ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም እዛው ተሰክቶ ነበር። ፕሮግራሙ ሁለቱን ደርድሮ የቱ ላይ ልጻፍ አለኝ፣ አንዱ 16 ጊጋ ይላል፣ አንዱ 500 ጊጋ ይላል፣ እኔ ቁጥሩን ሳላይ ከላይ ያለውን መርጬ እሺ አልኩ። መስመሩ እየሞላ ሲሄድ ነው የፍላሹ መብራት ብልጭ እንደማይል ያየሁት፣ ብልጭ የሚለው የሃርድ ዲስኩ ነበር። ከዛ ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን መለስኳቸው፣ ችግሩ ፎቶሬክ የፋይሉን ስምና ፎልደር አይመልስም፣ በሺ የሚቆጠር ፎቶ ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ተዘበራረቀ፣ የእናቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈትኩ ለመለየት ወራት ፈጀብኝ፣ ያልተመለሱም አሉ። ስለዚህ እባክዎ ፎቶዎችዎን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገልብጡ፣ ገልብጠው ብቻ አይተዉት፣ አምስት ስድስቱን እዛው ዲስኩ ላይ ከፍተው ይዩ፣ መከፈታቸውን ሲያረጋግጡ ነቅለው ሌላ ክፍል ያስቀምጡት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አጠገብዎ እንዳይመጣ።

የትኛው ሊኑክስ ይሻላል የሚለው ላይ ሰው ሳምንታት ያጠፋል፣ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ። ለእርስዎ ሊኑክስ ሚንት እላለሁ፣ ከእሱም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ሚንት ከ2006 ጀምሮ ያለ ነው፣ የሚሰራው ኡቡንቱ ላይ ተመስርቶ ነው፣ ኡቡንቱ ደሞ በ1993 በተጀመረው ዴቢያን ላይ። ትንሹ መስፈርት 2 ጊጋ ራም፣ ለምቾት ደሞ 4 ጊጋ ነው፣ እሱ እርስዎ ጋ አለ። ሜኑው ግራ ታች፣ ሰዓቱ ቀኝ ታች ስለሆነ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው እንግዳ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዊንዶውሱን አይንኩት። የሚንትን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ ዳውንሎድ ያድርጉ፣ 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ከዛ 8 ጊጋ ወይም ከዛ በላይ በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ሩፉስ ወይም ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ይጻፉት፣ ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሰራም፣ መጻፍ ነው ያለበት፣ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከዛ ላፕቶፑን አጥፍተው ፍላሹን እንደሰኩ ያብሩት፣ ልክ እንደበራ ኤፍ12ን ደጋግመው ይንኩ፣ እንደ ማሽኑ ዓይነት ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል፣ ከየት ልነሳ የሚል ትንሽ ዝርዝር ሲመጣ ፍላሹን ይምረጡ። ሚንት ሙሉ በሙሉ ከፍላሹ ተነስቶ ይከፈትልዎታል፣ ኢንስቶል የሚለውን ዴስክቶፑ ላይ እስካልነኩ ድረስ ሃርድ ዲስክዎ ላይ አንድ ፊደል አይጻፍም።

እዛ ላይ እንዳሉ ይሞክሩት፣ ለመደነቅ ሳይሆን ለመፈተሽ። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፁ ይወጣል? ካሜራው ይሰራል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? ይሄ የመጨረሻው ሰው የማያየው ግን በኋላ የሚያማርረው ነው። ከፍላሽ ሲሰራ ቀስ ማለቱ አያሳስብዎት፣ ሲጫን ይፈጥናል። እዛ ላይ የጻፉት ነገር ግን ሲያጠፉት አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ደብዳቤዎን እዛ አይጻፉ። ለጥቂት ቀናት እንዲህ ይክፈቱት ይዝጉት፣ ሁሉም ከሰራ ያኔ ልጅዎ ባለበት ይጫኑት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ፣ በማይሽከረከረው ፈጣኑ ዓይነት ዲስክ፣ ማስቀየሩ ከየትኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ያፈጥነዋል፣ ራሙን የሚበላው ደሞ ብራውዘር ነው፣ 4 ጊጋ ላይ ሃያ ታብ ከፍተው ቢዘገይ ሊኑክሱን አይውቀሱት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ኡቡንቱ ከጫንኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ተርሚናል ላይ ፓስወርድ ሲጠይቀኝ ስጽፍ ምንም አይወጣም፣ ኪቦርዴ ነው እንዴ? ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ኮማንድ ፔስት ላድርግ ስልም ኮንትሮል ቪ አይሰራም። ተርሚናሉን ጭራሽ ትቼው መኖር አልችልም?

መልስ፦ ወንድሜ ኪቦርድህ ደህና ነው። ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ ፓስወርድህን ስትጽፍ ሆን ብሎ ነው ምንም የማያሳይህ፣ ከኋላህ የቆመ ሰው ስንት ፊደል እንደሆነ እንኳን እንዳይቆጥር፣ አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ኮከብ ይወጣል አንዳንዱ ላይ አይወጣም። ሳታይ ጻፈውና ኢንተር በለው። ፔስት ለማድረግ ደሞ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቪን አንድ ላይ ነው፣ ኮፒም እንደዛው በሺፍት፣ ምክንያቱም ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ሲ ኮፒ ሳይሆን የሚሰራውን ነገር ማቆሚያ ነው፣ ከኮፒ ዘመን በፊት ጀምሮ።

ትቼው መኖር እችላለሁ ላልከው አዎ ትችላለህ፣ ፕሮግራም መጫንም አፕዴትም በማውስ ያልቃል። ግን እኔን ብትሰማኝ አትተወው፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ሲበላሽ የሚረዳህ ሰው ሁሉ መልሱን የሚሰጥህ በኮማንድ ነው፣ የማውስ መንገድ ከስሪት ስሪት ቦታው ይቀያየራል፣ ኮማንዱ ግን ዓመታት እንደዛው ነው። እና ሁለት ነገር ብቻ ልመድ።

አንደኛው፣ የማታውቀውን ኮማንድ ቃል በቃል ከፍተህ አንብበው። ሱዶ አፕት አፕግሬድ ሲባል ሱዶ ማለት ይሄን እንደ አስተዳዳሪ ሆነህ ስራው ነው፣ አፕት ፕሮግራም የሚጭንና የሚያነሳው ነው፣ አፕግሬድ የተጫኑትን ወደ አዲሱ አሳድጋቸው ነው። ከሱ በፊት የሚመጣው አፕዴት ደሞ ምንም አይጭንም፣ ምን አዲስ እንዳለ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል፣ ብዙ ሰው አፕዴት ብሎ ጨረስኩ ይላል። አፕት ከመጀመሩ በፊት ስንት እንደሚጨምር፣ ስንት እንደሚያነሳ በቁጥር ይነግርህና ይቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ዋይ (አዎ ማለት ነው) ከማለትህ በፊት የሚነሳው ስንት ነው የሚለውን እይ። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልትጭን ገብተህ አርባ ነገር ላንሳ ካለህ እምቢ በለውና ጠይቅ፣ ሙሉ ዴስክቶፕ በእንዲህ ዓይነት አንድ ዋይ ሊነሳ ይችላል።

ሁለተኛው፣ መለማመጃ ፎልደር ፍጠርና ከማይጠቅሙህ ፋይሎች ኮፒ አስገባበት፣ እዛ ውስጥ ፋይል መገልበጥ፣ ስም መቀየር፣ ማጥፋት ሞክር። አርኤም የሚባለው ማጥፊያ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይወስድም፣ በቃ ያጠፋል፣ ይሄን በእውነተኛ ፋይልህ ላይ ከምታውቀው እዛ እወቀው። ስም ስትጽፍ ደሞ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፈህ ኪቦርዱ ላይ ታብ የምትለዋን ቁልፍ ንካ፣ ራሱ ይሞላልሃል፣ ካልሞላ ወይ ስሙን ተሳስተሃል ወይ በዛ ፊደል የሚጀምር ሌላም አለ። ይቺ ታብ ስንት ስህተት እንደምታድን።

ጥያቄ፦ እንደምን አለህ፣ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል? ደሞ የድሮ ጽሑፎቼን ሊብሬኦፊስ ላይ ስከፍታቸው እንግሊዝኛ የሚመስል የማይነበብ ምልክት ይሆኑብኛል፣ ጠፉ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ አልጠፉም፣ ተረጋጊ። ያኔ የጻፍሽባቸው ፕሮግራሞች፣ ፓወር ግዕዝም በይው ቪዥዋል ግዕዝ፣ የአማርኛውን ፊደል ስዕል የላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠውት ነበር፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ ኮዱ ራሱ ይታያል። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስርዓት፣ ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ሀ የትም ማሽን ላይ ሀ የሆነው። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከማጥፋትሽ በፊት፣ ይሄን አስምሪበት፣ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብተሽ እነዛን ፎንቶች ወደ ፍላሽ ገልብጫቸው። ሊኑክሱ ላይ ፋይሉን ደብል ክሊክ ስታደርጊ ኢንስቶል የሚል ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ወዲያው መነበብ ይጀምራል። ከዛ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መቀየሪያ ፈልገሽ አንድ ገጽ ብቻ ሞክሪ፣ ከዋናው ጋር አስተያይተሽ አንብቢው፣ ልክ ከሆነ ሌላውን ቀጥዪ፣ ዋናውን ፋይል ግን አትሰርዢው።

መጻፉ ቀላል ነው። ኡቡንቱ ላይ ከሆንሽ መጀመሪያ የሚጫን አንድ ፓኬጅ አለ፣ ስሙ በላቲን አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ከዛ ሰረዝ፣ ከዛ ኤም፣ 17፣ ኤን ነው። እሱን ጭነሽ ወጥተሽ እንደገና ግቢ፣ ከዛ ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ኢንፑት ሶርስ ላይ የመደመር ምልክቷን ነክተሽ አማርኛ ብለሽ ፈልጊ፣ ሴራ የሚለውን ምረጪ። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ስትነኪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየርልሻል። ሴራ እንደ ድምፁ ነው የሚጻፈው፣ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ ትንሹ ቲ ት ነው ትልቁ ቲ ጥ፣ ትንሹ ኤን ን ነው ትልቁ ኝ፣ ትንሹ ሲ ች ነው ትልቁ ጭ፣ ሽ ደሞ ኤክስ ነች። ካፕስ ሎክ ሳታስቢው ተነክቶ እንደሆነ ሁሉም ነገር ይጠብቅብሻል፣ መጀመሪያ እሱን እይ። ሁለት ሦስት ቀን ጣትሽ ይንከራተታል፣ ከዛ ሳታስቢው ትጽፊያለሽ። ለማተሚያ ወይም ለሰው ስትልኪ ደሞ ከሊብሬኦፊስ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ፣ የገጹ አቀማመጥ አይፈርስብሽም።

ጥያቄ፦ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጋር አብሬ ጫንኩት። አሁን ሁለት ነገር አስቸገረኝ፣ ዊንዶውስ ስገባ ሰዓቱ ይዛባል፣ ሊኑክስ ስገባ ደሞ የዊንዶውሱ ዲስክ ላይ ፋይል ሴቭ ማድረግ አይቻልም ይላል። ተሳስቼ ነው የጫንኩት?

መልስ፦ አልተሳሳትክም፣ ሁለቱም የታወቁ ናቸው። ሰዓቱ የሚዛባው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን አንዷን ሰዓት ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚያነቧት ነው። ዊንዶውስ እዛ ላይ የሚጽፈው ያለህበትን አካባቢ ሰዓት ነው፣ ሊኑክስ ደሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ጽፎ ያንተን ራሱ ያሰላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ልማድ ሲያነበው ልዩነቱ ያንተ የሰዓት ክልል ያህል ይሆናል። ሊኑክሱን እንደ ዊንዶውስ አንብብ ማለት ይቀላል፣ ታይምዴትሲቲኤል የሚባለው ኮማንድ ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1 ሲባል ያስተካክለዋል፣ አንዴ ብቻ ነው።

ዲስኩ ደሞ ጥፋቱ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነው። ዊንዶውስ ሸት ዳውን ስትለው በደንብ አይጠፋም፣ ቶሎ ለመነሳት ብሎ ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሊኑክስ ይሄን ሲያይ ሰውዬው ገና አልጨረሰም ብሎ ማንበብ ብቻ ይፈቅድልሃል፣ እና ልክ ነው የሚያደርገው፣ በግድ ቢጽፍበት ፋይሎችህ ሊበላሹ ይችላሉ። በግድ የሚያስከፍት ኮማንድ የሚሰጥህ ሰው ይኖራል፣ አትቀበለው። ዊንዶውስ ገብተህ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የማጥፊያ ቁልፉ ምን ይስራ የሚለው ጋ ፋስት ስታርትአፕን ምልክቷን አንሳና በደንብ አጥፋው።

ገና ያልጫናችሁ ደሞ ይሄን ስሙ፣ ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) ወይም የማስነሻ ሴቲንግ ሲቀየር ዊንዶውስ ይሄን ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ያኔ ከሌላችሁ ፋይላችሁ እዛው ተቆልፎ ቀረ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ቫይረስ አይገባበትም ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለቤት ሊኑክስ የሚሰራ ቫይረስ ጥቂት ነው፣ ፕሮግራምም የሚጫነው በአብዛኛው ከታወቀ አንድ ቦታ ስለሆነ ይረዳል። ግን የማታውቀው ሰው የሰጠህን ኮማንድ በሱዶ ካስኬድክ ምንም አያድንህም፣ ፓስወርድህን የሚሰርቅ የውሸት ገጽ ደሞ ሊኑክስ ይሁን ዊንዶውስ ግድ የለውም። አፕዴትህን በየሳምንቱ አድርግ።

ጥያቄ፦ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ኮምፒውተር ትወዳለች። ሊኑክስ ላስለምዳት ብዬ ነበር፣ ግን ነፃ የሆነ ነገር ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ይኖረዋል ብዬ እጠራጠራለሁ። ማን ነው የሚከፍለው? ከየትስ ልጀምራት?

መልስ፦ ጥርጣሬህ የአባት ጥርጣሬ ነው፣ ደስ ይላል። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሲስተም እንሰራለን ብሎ ግኑ የሚባለውን ጀመረ። በ1991 ደሞ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ያኔ ሄልሲንኪ የሚማር የ21 ዓመት ተማሪ፣ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ለራሱ ብሎ መጻፍ ጀምሮ ለሰው አሳየ፣ በ1992 በግኑ ፈቃድ ስር አደረገው፣ ከዛ ሁለቱ ተገጣጠሙ። ነፃ የሚለው ዋናው ትርጉሙ ይሄ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የተደበቀ ነገር ቢገባበት የሚያየው ብዙ ሰው ነው። ክፍያው ከየት ይመጣል ካልክ፣ ኩባንያዎች ሰርቨራቸው እሱ ላይ ስለሚሰራ የራሳቸውን ኢንጂነሮች እየከፈሉ ያሰሩበታል፣ ድጋፍ በመሸጥም ይኖራሉ፣ አይቢኤም በ2019 የሊኑክስ ድጋፍ የሚሸጠውን ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ለዚህ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ከርነል ሊኑክስ ነው፣ የዓለም 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ሁሉም ሊኑክስ ነው። ልጅህ የምትማረው ነገር ሄዶ የሚቀር አይደለም።

አጀማመሩ ላይ ትምህርት አታድርግባት። የራሷን አካውንት ክፈትላት፣ አስተዳዳሪ ያልሆነ፣ እና የምትወደውን ነገር ስጣት። ስዕል ከሆነ ክሪታ አለ፣ ሙያተኞች የሚሰሩበት ነው፣ ጨዋታ መስራት ከሆነ ስክራች፣ ከሱ ስታልፍ ፓይተን። የዴስክቶፑን ቀለም፣ የፓነሉን ቦታ፣ አይኮኑን ሁሉ ትቀያይረው፣ ትልቅ ሰው ጊዜ ማባከን ይለዋል፣ እኔ ያየኋቸው ልጆች ግን ሴቲንግ የት እንዳለ፣ ፋይል የት እንደሚቀመጥ የለመዱት በዚህ ነው። ሁለት ሦስቴ ታበላሸዋለች፣ ያኔ አትቆጣት። ለዚህ ታይምሺፍት የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሚንት ላይ አብሮ ይመጣል፣ ዛሬ ደህና እያለ ሲስተሙን እንዳለ አስቀምጥልኝ ትለዋለህ፣ ሲበላሽ ወደዛ ቀን ይመልሰዋል፣ እንዴት እንደሚመለስ ራሷ ትስራው አንተ አጠገቧ ቁጭ በል። ልብ በል ግን፣ ታይምሺፍት ሲስተሙን እንጂ የግል ፋይሎችን ካላዘዝከው አያስቀምጥም፣ ስዕሎቿን ለብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ፍላሹንም ነቅላችሁ አስቀምጡት።